ለሙስ አደን የትኛው ጥይት? ከአዘዞ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ሙስ የሰሜን አገሮች ጫካ ውስጥ የሚኖር ትልቅ ቀንዳም እንስሳ ነው። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ታናሽ ወንድሜ ስዊድን ከገባ ቆይቷል። ዘንድሮ የአዳኝነት ፈተናውን ስላለፈ የሰፈሩ ሰዎች ሙስ ለማደን አብረኸን ውጣ ብለውታል። የጠመንጃውን ወጪ እኔ እችልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። አንዱ ጓደኛው 6.5 ይበቃሃል ይለዋል፤ ሌላው ከ300 ማግነም በታች አትንካ ይለዋል፤ ባለሱቁ ደግሞ 9.3 እያወጣ ያሳየዋል። ልጁ ቀጭን ነው፣ 62 ኪሎ፤ ከፈተናው በፊት ተኩሶ አያውቅም። እኛ ሰፈር ያሉ ሽማግሌዎች ‹የክላሽ ጥይት ምን አነሰው?› እያሉ ያስቁኛል። የትኛውን ይግዛ? ጥይቱስ የትኛው ይሁን?»

መልሱን አስቀድሜ ልበል፦ 308 ዊንቸስተር ይግዛ። (እነዚህ ቁጥሮች የጥይት ዓይነት መጠሪያዎች ናቸው፤ ስማቸው የሚነሣው ከአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው።) ጥይቱ ደግሞ አረሩ፣ ማለትም ተወርውሮ የሚሄደው ጫፉ፣ 180 ግሬን፣ ማለትም 11.7 ግራም የሚመዝን፣ እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተጣበቀ ይሁን። 30-06 በጥሩ ዋጋ ካገኘም አልከራከረውም። 6.5ቱን የተውኩት መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ። 300 ማግነሙን ግን ዘንድሮ አይንካው።

ከግዢው በፊት አንድ ነገር። ስዊድን ውስጥ ጠመንጃ የሚገዛው በፖሊስ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ለብቻው፣ በባለቤቱ ስም ይወጣል። ስለዚህ የእርስዎ ድርሻ ገንዘቡን መላክ ብቻ ነው፤ የሚያመለክተውም የሚፈርመውም እሱ ነው። ከሚልኩትም ላይ ለተቆላፊ የብረት ሣጥን ያስቡለት፤ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማኖር እዚያ አይፈቀድም። የቀረው ለልምምድ ጥይት ይሁን፤ ይህን ደግሜ አነሣዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። በእኛ አገር መሣሪያ የሚታወቀው በብረቱ ነው። ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ ውጅግራ፣ ጓንዴ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው አፈሙዙንና ሰደፉን ነው። ጥይት ግን ለሁሉም ጥይት ነው፤ ቀለህ፣ ውስጡ ባሩድ፣ ጫፉ ላይ አረር። ለአደን ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ዓይነት ቀለህ፣ አንድ ዓይነት ባሩድ ይዘው አረራቸው የሚለያይ ሁለት ጥይቶች አንድ እንስሳ ላይ ሁለት የተለያየ ሥራ ይሠራሉ። አንዱ ሙሱን 50 ሜትር ሳይርቅ ይጥለዋል፤ ሌላው ሰው ወደማያገኘው ጫካ ይሰደዋል። የወንድምዎ ጓደኞች የሚከራከሩት ስለ ቀለሁ ነው። እኔ የምጽፍልዎ በአብዛኛው ስለ አረሩ ነው።

በመጀመሪያ እንስሳው። ሙስን ስዊድኖቹ ኤልይ ይሉታል። የእኛ አጋዘን ከድኩላና ከኒያላ ወገን ነው፤ ሙስ ግን ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ አዲስ የሚያበቅል የሌላ ቤተሰብ እንስሳ ነው፤ በዚያ ቤተሰብ ውስጥም ትልቁ እሱ ነው። የስዊድን ኮርማ ሙስ 4 እና 5 ኩንታል ይመዝናል፤ ከደለበ የፎገራ በሬ ጋር የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ማለት ነው። እግሩ ግን ረጅም ስለሆነ ጀርባው ሰው ራስ ላይ ይደርሳል። የአላስካው ከዚህም ይከብዳል። ቢገዝፍም እንደ ጎሽ ግትር ነፍስ ያለው አይደለም፤ ሁለቱም ሳንባዎቹ ከተበሱ ያልቅለታል። ችግሩ ቶሎ አያሳይም። ሳንባውን የተመታ ሙስ ምንም እንዳልነካው 50 ወይም 80 ሜትር ይራመዳል፣ ቆም ብሎ ዙሪያውን ያያል፣ ከዚያ ይወድቃል። ጀማሪ «ሳትኩት» ብሎ ጠመንጃውን የሚያወርደው በዚህች መሐል ነው።

ስለዚህ ከአረሩ የሚፈለገው ይህ ነው፦ ወፍራሙን ጠጉርና ቆዳ፣ ጎድኑን፣ አንዳንዴም የወርቹን አጥንት አልፎ ሁለቱንም ሳንባ በሰፊው ቀዶ ቢቻል በወዲያኛው ጎን ይውጣ። በድምሩ ግማሽ ሜትር ገደማ ሥጋና አጥንት ማለት ነው። በወዲያኛው በኩል መውጣቱ ለጌጥ አይደለም። ሁለት ቀዳዳ ያለው እንስሳ ደሙን ሣሩ ላይ እያንጠባጠበ ይሄዳል፤ በአንድ ቀዳዳ፣ ያውም ከፍ ብሎ የተመታ ግን ደሙ ወደ ውስጥ ይጠራቀምና ዱካው ይጠፋል።

ለሽማግሌዎቹ ጥያቄ መልሱ ከዚሁ ይወጣል። የወታደር ጥይት አረሩ እስከ ጫፉ ድረስ በብረት ልባስ የተሸፈነ ነው። እንስሳ ውስጥ ሲገባ አይከፈትም፤ እስክሪብቶ የምታህል ቀዳዳ ሠርቶ ያልፋል። የአደን አረር ግን አፍንጫው ላይ ለስላሳ እርሳስ ወይም ባዶ ጉድጓድ ስላለው ሲገባ እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ ይሰፋል፤ 7.8 ሚሊሜትር የነበረው 14 እና 15 ሚሊሜትር ሆኖ ይሄዳል። የስዊድን ደንብም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለሙስ የሚሆነውን ጥይት አንደኛ ክፍል ይለዋል፤ አረሩ የሚከፈት መሆን አለበት፣ ክብደቱ ቢያንስ 9 ግራም፣ 100 ሜትር ላይ ሲደርስ የቀረው ጉልበት ቢያንስ 2,700 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው)። አረሩ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን 2,000 ጁል ይበቃዋል። ኖርዌይም በዚሁ መንገድ ነው የምትሄደው፤ ልዩነቱ ለከባዱ አረር 2,200 ጁል መጠየቋ ነው። የክላሽ አረር 8 ግራም ነው። ከአፈሙዝ 2,000 ጁል ገደማ ይዞ ይነሣና 100 ሜትር ሲደርስ 1,500 ገደማ ይቀረዋል። በክብደቱም፣ በጉልበቱም፣ በልባሱም ይወድቃል።

እነዚህ ሁለት መስመሮች፣ 9 ግራምና 10 ግራም፣ የ6.5ቱን ነገር ያወሳስቡታል። ጉልበት የሚሰላው የአረሩን ክብደት በኪሎ ወስዶ በፍጥነቱ ሁለት ጊዜ በማባዛት፣ ከዚያ ለሁለት በማካፈል ነው። 6.5×55 ሁለት የተለመዱ አረሮች አሉት። 140 ግሬኑ 9.07 ግራም ነው፤ 100 ሜትር ላይ በሰከንድ 755 ሜትር ገደማ ይሄዳል እንበል። 0.00907 በ755 ሁለት ጊዜ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 2,585 ጁል ይሆናል። 9 ግራሙን አለፈ፤ 2,700ውን ግን አልደረሰበትም፤ ስለዚህ ለሙስ አይሆንም። 156 ግሬኑ 10.1 ግራም ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ 100 ሜትር ላይ 700 ገደማ። ስሌቱ 2,475 ጁል ይሰጣል። ከመጀመሪያው ያንሳል፣ ግን 10 ግራም ስለሞላ የሚጠየቀው 2,000 ብቻ ነውና በሰፊው አለፈ። ጉልበተኛው ወድቆ ደካማው ያልፋል። ይህን ሳያውቅ ሱቅ ገብቶ «6.5 ስጡኝ» የሚል ጀማሪ ያልተፈቀደ ጥይት ይዞ ሊወጣ ይችላል። በዚያው ወጥመድ 270 ዊንቸስተርም አለ፤ ታዋቂው 130 ግሬን አረሩ 8.4 ግራም ብቻ ስለሆነ አይሆንም፣ 150 ግሬኑ ግን ይሆናል።

6.5ቱን ዝቅ ማድረጌ እንዳይመስልብኝ። እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ የስዊድንና የኖርዌይ ጦር መደበኛ ጥይት ነበር፤ እስከ ዛሬም የሰሜን አውሮፓ አዳኝ ሙስ ይጥልበታል። ምስጢሩ አረሩ ለስፋቱ በጣም ረጅም መሆኑ ነው፤ ረጅምና ቀጭን ነገር በጥልቀት ይሰረስራል። (ጣሊያን እ.ኤ.አ. እስከ ኅዳር 1941 ጎንደር ላይ ታጥቆት የቆየው ካርካኖ ጠመንጃም 6.5 ነው፤ አረሩም እንዲሁ ረጅም፣ አፍንጫው ድቡልቡል። በዘመኑ የነበረው ሐሳብ አንድ ነበር።) ልጁ 6.5 ቀድሞ ቢኖረው ኖሮ «156 ግሬን ግዛና ሂድ» ብዬ ምላሹን እዚህ ላይ እጨርሰው ነበር። አዲስ ጠመንጃ ሲገዛ ግን ጠርዝ ላይ ለምን ይቆማል?

አሁን ወደ አረሮቹ፤ ዋናው እዚህ ነው።

ርካሹ ተራው ነው፤ የእርሳስ እምብርት፣ ስስ የመዳብ ልባስ፣ ጫፉ ላይ ብቅ ያለ እርሳስ። ፍጥነቱ መካከለኛ ከሆነና ጎድን ላይ ካረፈ ጥሩ ይሠራል። ወርች አጥንት ላይ ሲያርፍ፣ በተለይ በቅርብ ርቀትና በከፍተኛ ፍጥነት፣ ልባሱና እምብርቱ ይለያዩና ይበታተናል። ግማሽ ክብደቱን ወይም ከዚያም በላይ አጥንቱ ላይ ጥሎ የቀረው ሳንባ ሳይደርስ ይቆማል። ላይ ላዩን ሰፊና አስፈሪ ቁስል ያደርጋል፣ እንስሳው ግን ይሮጣል። ማግነም ለጀማሪ አይሁን የምለው በአንድ በኩል በዚህ ነው። ሰው «ኃይለኛ ጠመንጃ ይዣለሁ» ብሎ ርካሽ አረር ይገዛል፤ 30 ሜትር ላይ አረሩ ከአቅሙ በላይ ይፈጥንና ይፈርሳል። ፍጥነት ሲጨምር የአረሩ ጥንካሬም አብሮ መጨመር አለበት።

ይህ ችግር በሙስ ላይ የታየ ታሪክ አለው። ጆን ኖስለር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1946 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ300 ማግነም የተኮሰበት ሙስ ገላው በደረቀ ጭቃ ተለብጦ ስለነበር አረሮቹ ላይ ላዩን ተበታትነው ወደ ውስጥ አልገባ አሉ። ከዚያ በኋላ የሠራው አረር ፓርቲሽን ይባላል፤ በመሐሉ የመዳብ ግድግዳ አለው። የፊተኛው ክፍል ሲገባ ይከፈታል፣ የኋለኛው ከግድግዳው ጀርባ እንደታሸገ ይቀጥላል። ከክብደቱ ሲሶውን ገደማ ቢያጣም ጉዞውን አያቋርጥም። ዛሬም ድረስ የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም።

የተጣበቀው አረር የሚሠራው እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር እንዲዋሃድ ተደርጎ ነው። ኖርማ ኦሪክስ እና ኖስለር አኩቦንድ የዚህ ወገን ናቸው። ይከፈታል፣ ግን አይለያይም፤ አጥንት መትቶም አብዛኛውን ክብደቱን ይዞ ይገኛል። ለወንድምዎ የመረጥኩት ይህን ነው፤ በዝቅተኛ ፍጥነትም ስለሚከፈት፣ በከፍተኛውም ስለማይፈርስ፣ የጀማሪን ስሕተት ይበልጥ ይችላል። ትንሽ ወደ ወርቹ ቢጠጋበት አጥንቱን ሰብሮ ያልፋል።

የመጨረሻው ሙሉ መዳብ ነው፤ ባርንስ ቲኤስኤክስ፣ ኖርማ ኢኮስትራይክ የመሳሰሉት። እርሳስ የለውም። አፍንጫው ላይ ባለው ጉድጓድ እንደ አበባ ቅጠል ይከፈትና ክብደቱን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ሥጋው ላይ እርሳስ አይተውም፤ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2024 የእርሳስ አረርን ለአደን ስለከለከለች ነገ ወዴት እንደሚኬድ መገመት አያዳግትም። ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል፤ በሰከንድ ከ600 ሜትር ገደማ በታች ሲወርድ ብዙዎቹ እንደ ወታደር ጥይት ተዘግተው ያልፋሉ። ሁለተኛ፣ መዳብ ከእርሳስ ይቀላል። እኩል የሚመዝን የመዳብ አረር ይረዝማልና ቀለሁ ውስጥ ቦታ ይሻማል፤ ስለዚህ ፋብሪካዎች አንድ ደረጃ ቀለል አድርገው ይሠሩታል። በ6.5 የመዳብ አረር ብዙውን ጊዜ 120 ወይም 130 ግሬን ነው፤ 7.8 እና 8.4 ግራም። የ9 ግራሙን መስመር እንደገና አጣነው። በ308 ግን 165 ግሬኑ 10.7 ግራም ስለሆነ ያለ ጭንቀት ያልፋል። ልጁ ዛሬ በእርሳስ ጀምሮ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ መዳብ ቢዞር ጠመንጃ መቀየር አያስፈልገውም። 308ን ከ6.5 ያስበለጠብኝ ከሁሉም በላይ ይህ ነው። ደንብ ይሻሻላልና ከመግዛቱ በፊት የዓመቱን ያንብብ።

300 ማግነምና 9.3ስ? ሁለቱም ሙስን በሚገባ ይጥላሉ፤ ጥያቄው ልጁን ምን ያደርጉታል የሚለው ነው። ጠመንጃው ከነመነጽሩ 3.6 ኪሎ ቢመዝን ወደ ትከሻ የሚመለሰው ምት በግምት እንዲህ ይሆናል፦ 6.5×55 በ156 ግሬን 18 ጁል፣ 308 በ180 ግሬን 22፣ 30-06 በዚያው አረር 28፣ 300 ማግነም 39፣ 9.3×62 ደግሞ 43። ከ308 ወደ 300 ማግነም ሲዘለል ምቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ሙሱ ግን 80 ሜትር ላይ ልዩነቱን አያውቀውም። ልዩነቱን የሚያውቀው የ62 ኪሎው ልጅ ነው። የሚራገጥ ጠመንጃ የያዘ ጀማሪ ከአሥረኛው ጥይት በኋላ ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋል፣ አረሩ ታች ግራ ይሄዳል። አንዴ የገባ ፍርሃት ለመውጣት ብዙ ወር ይፈልጋል። 9.3×62 እ.ኤ.አ. በ1905 ኦቶ ቦክ በርሊን ውስጥ ያወጣው ለአፍሪካ ትላልቅ አውሬዎች ታስቦ ነው፤ ስዊድኖች ይወዱታል፣ እኔም አከብረዋለሁ። 18.5 ግራም አረሩ በዝግታ ስለሚሄድ ሥጋ እንኳ ብዙ አያበላሽም። ባለሱቁ አላጭበረበረም፤ ለመጀመሪያ ጠመንጃነት ግን አልመርጠውም።

አንድ የተለመደ ክርክር ላንሣ፦ «ከባድ አረር ቅጠሉንና ጭራሮውን በጥሶ ይሄዳል።» አይሄድም። 9.3ም ሆነ 6.5 ጣት የምታህል የዛፍ ቅርንጫፍ ከነካ አቅጣጫውን ይስታል፤ ጭራሹን አስቀድሞ ይከፈትና በጎኑ ሊያርፍ ይችላል። በቁጥቋጦ መሐል ለሚታይ ሙስ ያለው ጥይት መታገሥ ነው።

ሱቅ ሲገባ ሣጥኑን አገላብጦ ያንብብ። የአውሮፓ ጥይት ሣጥን ላይ ብዙውን ጊዜ የአረሩ ክብደት በግራምና በግሬን፣ ከአፈሙዝ ላይና በ100 ሜትር ያለው ፍጥነትና ጉልበት ታትሞ ይገኛል። የሚያየው የ100 ሜትሩን ነው። ቁጥሩ ግን የተለካው 60 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ የፋብሪካ አፈሙዝ ነው። ልጁ 51 ሴንቲሜትር አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ ከመረጠ በሰከንድ ከ25 እስከ 40 ሜትር ይቀንስበታል። 308 በ180 ግሬን 100 ሜትር ላይ ወደ 690 ሜትር ቢወርድ እንኳ 2,776 ጁል ይቀረዋል፤ ለ10 ግራሙ መስመር ከበቂ በላይ ነው። አጭር አፈሙዝ ላይ የድምፅ ማፈኛ ሲገጠም ጠመንጃው ለጫካ አይረዝምም፣ ምቱም በግልጽ ይለሰልሳል። በስዊድን አዳኞች ዘንድ የተለመደ ነውና ይጠይቅበት። መነጽሩ ቀላል ይሁን፤ ዝቅተኛ ማጉያው 1.5 ወይም 2 ቢሆን 40 ሜትር ላይ የሚሮጥ ሙስ ከመነጽሩ አይጠፋም።

ጥይቱን ሲገዛ ከአንድ የምርት ቁጥር ቢያንስ 5 ሣጥን፣ 100 ጥይት ይውሰድ። ቁጥሩ ሣጥኑ ላይ ይታተማል። ሌላ ቁጥር ያለው፣ በተለይም ሌላ ዓይነት አረር፣ ከዚያው አፈሙዝ ወጥቶ 5 ሴንቲሜትር ወዲያ ሊያርፍ ይችላል፤ በርካሽ ጥይት አስተካክሎ በውዱ ማደን የተለመደ ስሕተት ነው። ማስተካከያው ደግሞ ቀላል ነው። ከድጋፍ ላይ ተኝቶ ሦስት ጥይት ይተኩስ፤ የሦስቱን መሐል ያግኝ፤ መነጽሩን በዚያ ያንቀሳቅስ እንጂ በአንድ ጥይት አይደናገጥ። መሐሉ 100 ሜትር ላይ ከነጥቡ 4 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል ያድርገው። ያኔ 180 ግሬኑ 160 ሜትር ገደማ ላይ ነጥቡን ይገጥማል፣ 200 ሜትር ላይ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል። እስከዚያ ድረስ ምንም ሳይጨምር ሳይቀንስ እዚያው ያነጣጥራል። አፈሙዙ ሲግል ጥይቱ ይንሸራተታልና በየሦስቱ ያብርደው፤ የመጨረሻ ማረጋገጫው በማግስቱ በቀዝቃዛ አፈሙዝ የሚተኮሰው የመጀመሪያው ጥይት ነው፤ ሙሱ የሚያገኘው እሱን ነውና።

ከዚያ ከድጋፉ ይነሣ። በስዊድን የሙስ ተኩስ ሜዳ ላይ 80 ሜትር ርቀት ላይ በሐዲድ የሚሮጥ የሙስ ምስል አለ፤ ቆሞም ይተኮስበታል፣ ሲሮጥም። ከ100ው ጥይት 60ውን እዚያ ይጨርሰው፤ ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ ዘንግ ተደግፎ። ቤት ውስጥ ደግሞ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቶ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ምላጭ መሳብ ይለማመድ፤ ይህ ወጪም የለውም። የሚተኩስበትን ርቀት የሚወስንለት የጥይቱ ጉልበት አይደለም። አደን ላይ በሚቆምበት አኳኋን አምስት ተኩሶ አምስቱንም 25 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ሳህን ውስጥ የሚያሳርፍበት ርቀት ነው ወሰኑ። ለመጀመሪያ ዓመት ይህ ከ80 እስከ 100 ሜትር ቢሆን ምንም አያፍርበትም፤ በጫካው አብዛኛው ሙስ የሚተኮሰው ከዚያ ውስጥ ነው።

የት ያርፍ ለሚለው የጎንደር ልጅ መሆኑ ይጠቅመዋል፤ በሬ ሲበለት አይቷልና። ሙስን በጎኑ ሲያየው ፍሪምባውን፣ ወርቹንና ጎድኑን በዓይኑ ይለይ። ከፊት እግሩ የኋላ ጠርዝ አንድ መዳፍ ወደ ኋላ፣ ከፍሪምባው ሥር ወደ ጀርባው ካለው ቁመት አንድ ሦስተኛው ላይ ያነጣጥር። ሳንባው ሰፊ ነው፣ ልቡ ከሥሩ ነው፤ ትንሽ ቢስት ከሁለቱ አንዱን ያገኛል። የሚያሳስተው ሻኛው ነው። ሙስም ትከሻው ላይ ሻኛ የሚመስል ጉብታ አለው፤ የበሬው ሻኛ ሥጋና ስብ ሲሆን የሙሱ ግን ከአከርካሪው ወደ ላይ የቆሙ ረጃጅም አጥንቶች የተሸከሙት ነው። ዓይን ያንን ጉብታ ከነጠጉሩ ከሰውነቱ ጋር ይቆጥረውና «መሐሉን» ብሎ ያነጣጥራል፤ መሐል ያለው ግን ከሳንባው ከፍ ብሎ ወደ አከርካሪው የሚጠጋ ቦታ ነው። እዚያ የተመታ ሙስ ደንግጦ ይወድቅና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይቁጠር። እንስሳው ጀርባውን በከፊል ሰጥቶ ከቆመ በወዲያኛው በኩል ያለውን የፊት እግር አስቦ መንገዱን ያብጅ፤ አረሩ ከኋለኛው ጎድን ገብቶ ወደዚያ ይሂድ። ፊት ለፊት ሲመጣበት ወይም ኋላውን ሰጥቶ ሲሄድ አይተኩስ። ጨጓራ ውስጥ ያለው የረጠበ ቅጠል የትኛውንም አረር ያቆማል።

ከተኮሰ በኋላ ወዲያው ሌላ ጥይት ያጉርስ፤ ሙሱ ቆሞ ከታየና ደህና ቦታው ከተገለጠለት ይድገመው። የቆመበትን ቦታ በዓይኑ ይያዝ፣ ቸኩሎ አይሂድ። መሬቱ ላይ አረፋ ያለው ፈካ ያለ ደም ካገኘ ሳንባ ነው፤ ጠቆር ያለና ቅጠል የተቀላቀለበት ከሆነ ሆዱን ነውና ቆሞ የቡድኑን መሪ ይጥራ። የስዊድን ደንብ የቆሰለ ሙስ ዱካ የሚከተል የሠለጠነ ውሻ ከተኩሱ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቦታው ላይ መድረስ እንዲችል ያስገድዳል፤ ውሻው የማን እንደሆነና ስልኩ ጠዋት ሲሰማሩ ይታወቅ።

ሥጋው እንደ ቅርጫ በቡድኑ መካከል ይከፋፈላል። በእርሳስ አረር ከተመታ አረሩ በሄደበት መንገድ ዙሪያ ያለውን ሥጋ፣ ጤነኛ ቢመስልም፣ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጦ ይጣል፤ ዓይን የማያየው የእርሳስ ብናኝ ከቁስሉ ርቆ ይሄዳል፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ከተመታበት አካባቢ ፈጽሞ አይሰጥ። የደቡቡ አደን የሚከፈተው ጥቅምት ገደማ ስለሆነ ድርሻው የሚደርሰው በጽጌ ነው። ልጁ ጽጌን የሚጾም ከሆነ ኅዳር 6 ቁስቋም እስክትነግሥ በረዶ ቤት ያቆየው፤ ከዚያ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም እስኪገባ ዘጠኝ ቀን አለው፣ ረቡዕና ዓርብ ሳይቆጠር።